የአባባ ፈንቴ ጓደኛ

አያቴ አባባ ፈንቴ በዕድሜያቸው ማምሻ አንድ የማይለዩት ጓደኛ ነበራቸው። እኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው። ጓደኛቸው ጋሼ ዳኛው ይባላል፤ አባባ ጡረታ በወጡበት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ በማለዳ ከቤቱ የወጣ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲሄዱ ያያቸዋል። ቀትር ላይ ፉል ቤት የገባ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ያገኛቸዋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሄደም አንዱ ከቆመበት አጥር ሥር ሌላውን አያጣውም። ለቅሶ ቤት እንኳ አንድ ምንጣፍ ይጋሩ ነበር። በስድስት ዓመቴ ከሰፈር ልጆች ጋር ተጣልቼ ብቻዬን ስቀር፣ «እኔም ሳድግ እንደ ጋሼ ዳኛው ያለ ጓደኛ ይኖረኛል» እያልኩ እጽናና ነበር።

መስከረም የምትባለው እናቴ ሥራ ፍለጋ በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግራ ስለነበር ያሳደጉኝ አባባና ሚስታቸው እማማ የዓለምወርቅ ናቸው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ጠዋቴን የማሳልፈው ከአባባ ጋር ነው።

አባባ ፊታቸውን ታጥበው ኩታቸውን ከለበሱ በኋላ አንዱን ጫፍ ይዘው ያዩታል። ጫፉ የተቋጠረ ነው። ቋጠሮው ፈጽሞ አይፈታም፤ ጠዋት ጠዋት ግን እንዳልላላ ጎተት አድርገው ያጠብቁታል። ውስጡ ከረሜላ ያለ ይመስለኝ ነበር።

«አባባ፣ ምን ቋጥረውበት ነው?»

«የኔን ድርሻ።»

«በናትዎ፣ ይስጡኝ!»

«ገና ነው አንዱዬ። ገና ነው።»

ቀጥሎ ወንበራቸውን ያነሣሉ። ያቺ ወንበር የቤት ወንበር አልነበረችም፤ የትራክተር ናት። በጉልምስናቸው የሠሩበት የመንግሥት እርሻ ሲፈርስ ከተጣለ ትራክተር ላይ ፈትተው ያወጧት፣ መሐሏ የጎደጎደ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ብረት ነበረች። ከሥሯ ሦስት የፌሮ እግር አስበይደውላታል። የቆላው ፀሐይ ሲያርፍባት እንደ ምጣድ ስለምትግል የሰሊጥ ጆንያ አጥፈው ያነጥፉባታል። እሷን መሸከም የእኔ ሥራ ነበር፤ በጭንቅላቴ ላይ ገልብጬ ስደፋት እስከ ቅንድቤ ትሸፍነኛለች።

እንዲህ ሆነን ከጋሼ ዳኛው የላሜራ በር ፊት እንቆማለን። በሩ ይከፈታል።

«እንደምን አደርክ ዳኛው?» ይላሉ አባባ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል እሱ፣ መሬት መሬት እያየ።

ቀኑን ሙሉ የሚነጋገሩት ይህንኑ ነበር። እውነተኛ ጓደኛሞች ብዙ ማውራት አያስፈልጋቸውም ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ እሽቅድምድሙ ይጀመራል። ዳኛው ፈጠን ይላል፤ አባባም ፈጠን ይላሉ። እሱ ሊሮጥ ምንም ያህል አይቀረው፤ እሳቸውም በስድሳ ምናምን ዓመታቸው ኩታቸውን እየሰበሰቡ ጎኑን አይለቁም። እኔ ወንበሯን ደፍቼ ከኋላ እሮጣለሁ። አንድ ቀን ዳኛው በመስጊዱ ስርጥ መንገድ ታጥፎ በከብት ገበያው ዞረ። አባባ አልተከተሉትም። በቀጥተኛው መንገድ ሄደው ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሙና ላብ በላብ ሆኖ ሲመጣ «እንደምን አደርክ ዳኛው?» አሉት።

«አባባ አሸነፉ!» ብዬ አጨበጨብኩ።

ዳኛው ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየት ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ያኔ ግን መሸነፉ የቆጨው ነበር የመሰለኝ።

መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ሥር አንድ የኒም ዛፍ አለ። የአባባ ቦታ እዚያ ነው። ወንበሯን ተክዬ ጆንያዋን አነጥፋለሁ፣ አባባ ይቀመጣሉ። መስኮቱ ከአባባ ጆሮ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ እንሰማለን። ባለጉዳዮች ይመጣሉ፣ አባባን ሲያዩ ቆም ይላሉ፤ ብዙዎቹ ተመልሰው ይሄዳሉ። የሁለቱን ጨዋታ ላለማቋረጥ ይሉኝታ ይዟቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ታኅሣሥ፣ የሰሊጡ ጭነት መኪና መንገዱን በሞላበት ሰሞን፣ ፀሐዩ የሚባል ነጋዴ ፍየል በገመድ እየጎተተ መጣ። ወንድሙን ለማስቀጠር ጉዳይ ነበረው፤ የቅጥር ወረቀት የሚያልፈው በመዝገብ ቤቱ ነው። የኒሙ ዛፍ ጋ ሲደርስ ክው ብሎ ቀረ።

«ደኅና ዋልክ ፀሐዩ?» አሉ አባባ።

«ደኅና፣ አባባ ፈንቴ። እርስዎስ?»

«እኔማ አለሁ፤ የት እሄዳለሁ? ፍየሏ የማን ናት?»

«የኔ ናት። ትንሽ… አሟት ነው።»

«አሟት መዝገብ ቤት መጣች?»

«ኧረ የለም! ወደ ሐኪም ስወስዳት በዚህ በኩል ሳልፍ ነው።»

«የከብት ሐኪሙ በወዲያ በኩል ነው። በል ቶሎ ውሰዳት፣ እንዳትሞትብህ። ደግሞ አማረባት እኮ ለበሽተኛ!»

ፀሐዩ በደንብ የጠገበችውን ፍየል እየጎተተ ተመለሰ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በለሆሳስ፣ «ታኅሣሥ ሦስት። ፀሐዩ። ነጭ ፍየል፣ አንድ ቀንዷ ስባሪ» አሉ። በለሆሳስ ይሁን እንጂ መስኮቱ እንዲሰማ ተደርጎ የተባለ ነበር። በዚያ ሙቀት መስኮቱ ጓ ብሎ ተዘጋ። ጋሼ ዳኛው ፍየል ይፈራል ብዬ ለእማማ ነገርኳቸው። እማማ ሣቅ አሉ።

ምሳ የምንበላው ዑበይዳ ዘንድ ነው። ዑበይዳ ከገላባት ተሻግሮ፣ ሚስት አግብቶ የቀረ ሱዳናዊ ፉል ሻጭ ነው፤ ሆዱ ትልቅ፣ ምላሱ ከሆዱ የሚበልጥ። ዳኛው ሲገባ አባባ ቀድመው ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጠው ይሆናል።

«ያ ዳኛው!» ይላል ዑበይዳ በአረብኛ አጠራሩ። «ጥላህ ዛሬም ቀድሞህ ገባ! ዋላሂ፣ ሌላ ሰው ጥላው የሚከተለው ፀሐይ ሲኖር ነው፤ ያንተው ግን ቤት ውስጥም ይገባል!»

ፉል ቤቱ በሣቅ ይሞላል። አባባ አይሥቁም። አንድ ሻሂ አዘው፣ ያቺን ሻሂ ለአንድ ሰዓት ይይዟታል። ዳኛው ሁለት ጉርሻ ይጎርስና ሳህኑን ወደኔ ይገፋዋል። «ብላ» ይለኛል። የአባባ ጓደኛ ደግ ሰው ነው። ፉሉን በዘይቱ፣ በሽንኩርቱ ጠርጌ እበላለሁ። አባባ ግን አንድ ቀን እንኳ ከዚያ ሳህን አልቀመሱም።

ቤታችን ሌላ ዓለም ነበር። እማማ ከሰሊጥ መጋዘን ሲመለሱ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር አቧራ ተኝቶበታል። እዚያ ቀኑን ሙሉ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሰሊጡን ያንጓልላሉ፣ ጠጠሩን ይለቅማሉ። በሰሊጥ የሚጫወቱ ይመስለኝና እቀናባቸው ነበር። እራት ሲበላ አባባ ከወረቀት ውስጥ አንዲት ነጭ ክኒን አውጥተው በፊት ጥርሳቸው ለሁለት ይገምሷታል። ግማሿን ይውጣሉ፣ ግማሿን መልሰው ጠቅልለው ከኪሳቸው ይከታሉ። ክኒን የሚሠራው ለሁለት ቀን ታስቦ ነው ብዬ አምን ነበር።

«ነርሷ ሙሉውን ውሰዱ አላለችም?» ይላሉ እማማ።

«ነርሷ ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር አታውቅም» ይላሉ አባባ።

ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር። ያቺን ቃል በልጅነቴ ከአባታችን ሆይ እኩል ሰምቻታለሁ።

ዛሬ እኔ ራሴ የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ፤ ቃሏን ለማንም ላስረዳ እችላለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ የወር ጡረታ እንዲያገኝ ቢያንስ አሥር ዓመት ማገልገል አለበት። አባባ በመጨረሻው መሥሪያ ቤት በትራክተር ነጂነት የሠሩት ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር ነው። ከዚያ በፊት ግን በአብደራፊ በኩል በነበረው የመንግሥት እርሻ አሥራ ሁለት ዓመት ትራክተር ነድተዋል። እርሻው ሲፈርስ ፋይላቸው ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ተልኳል፤ በእጃቸው ይዘውት መጥተው ያስረከቡት እሳቸው፣ የተረከባቸው ዳኛው ነው። ስድሳ ሲሞላቸው ዳኛው «ፋይሉ የለም» አላቸው። ለዘጠኙ ዓመት ያዋጡት በአንድ ጊዜ ተሰጥቷቸው ተሰናበቱ፤ ያም ክረምት ሳይወጣ አለቀ። ፍርድ ቤት አመለከቱ፤ «ማስረጃ አምጡ» ተባሉ። ለበላይ አመለከቱ፤ ደብዳቤያቸው ወደ መዝገብ ቤት ተመራ።

ፋይሉ ለምን ጠፋ? አንድ ሐምሌ ዳኛው በሌላ ሰው ስም የያዘውን የሰሊጥ መሬት በመንግሥት ትራክተርና በመንግሥት ናፍጣ እንዲያርሱለት አዝዟቸው ነበር። አባባ ከመሬቱ ጫፍ ድረስ ነዱ፤ እዚያ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ነቅለው፣ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ተመለሱ። ቁልፉን ለሥራ አስኪያጁ ሰጥተው ትራክተሩ ማን እርሻ ላይ እንደቆመ ተናገሩ። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ እማማ ናቸው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልገባ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ። «ጓደኛቸው» ስል ሰምተውኝ የያዙትን ልብስ ቁጭ አደረጉ።

«ጓደኛ? አንተ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ጓደኛ ይመስልህ ነበር? ቁራኛው ነበሩ እንጂ!»

በድሮ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ልብሳቸው ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ ይኖሩ ነበር አሉኝ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱ ከሌላው አያመልጥም። አባባ ይህን ከአያታቸው ሰምተው ነው ያደጉት። የዘመኑ ዳኛ ፊት ሲነሣቸው፣ የኩታቸውን ጫፍ ራሳቸው ቋጠሩና የጋሼ ዳኛው ቁራኛ ሆኑ። አልሰደቡትም፣ አልዛቱበትም፣ ድንጋይ አላነሡም። አጠገቡ ተቀመጡ። አንድ ሰው ሁልጊዜ አጠገቡ ምስክር ከተቀመጠ ፍየል አይቀበልም፤ በሰው ስም መሬት አይይዝም፤ ለወንድሙ ልጅ ያለ ውድድር ቅጥር አያስፈርምም። ዳኛው አባባን ያለ ጡረታ አኖራቸው፤ አባባ ደግሞ እሱን በደመወዙ ብቻ አኖሩት። በሰሊጥ ወቅት በዚህ ከተማ ለእንደሱ ያለ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም።

አባባ አምስት ዓመት ተቀመጡ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሚያዝያ ነው፤ ወፍ እንኳ ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመብረር የሚሰንፍበት ሙቀት። አባባ በወንበሯ ላይ ሆነው እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተንሸራተተ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄደ። እኔ ያንቀላፉ መስሎኝ ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው መለስኩላቸው። በመስኮቱ ያያቸው ዳኛው ነው። ሮጦ ወጣ፤ ከመሬት ሳይደርሱ ያዛቸው፤ «ባጃጅ! ባጃጅ ጥሩ!» እያለ ጮኸ። በክንዱ ታቅፎ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ይህን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ያደረገውን መልካም ልሸሽግበት አልፈልግም። አባባ ግን ከዚያ አልተነሡም። የደም ግፊት ነው ተባለ። ግማሽ ክኒኗ ከኪሳቸው በወረቀት እንደተጠቀለለች ተገኘች።

ሲገነዙ አንድ ጎረቤት የኩታውን ቋጠሮ ሊፈታ ሲል እማማ እጁን ያዙት። «እንዳትነካ! ይዘውት ይሂዱ። እዚያም ቢሆን ፈራጅ አለ» አሉ። ከረሜላውን ለመንገድ ስንቅ የተዉላቸው መሰለኝ።

በቀብሩ ከወንዶቹ ሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ዳኛው ነበር። ያ ለቅሶ የምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ እፎይታም ያስለቅሳል። ያኔ ግን አንጀቴን በላው። ሁለት ቀን ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ውጭ ቆሜ የኒሙን ጥላ አየሁት። ባዶ ነበር። ከመስኮቱ ውስጥ ደግሞ ዳኛው ብቻውን ተቀምጧል። ጓደኛው የሞተበት ሰው እንዴት ብቻውን ይተዋል?

በአራተኛው ቀን ማለዳ ወንበሯን አነሣሁ። እማማ ከበራፉ ላይ ያዙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ጋሼ ዳኛው ዘንድ። አጠገቡ ልቀመጥ።»

ሊከለክሉኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ጆንያዋን አራግፈው አጠፉና ሰጡኝ።

«ሰላምታውን እንዳትረሳ» አሉ።

የላሜራው በር ሲከፈት ወንበሯን ደፍቼ ቆሜ ነበር።

«እንደምን አደሩ ጋሼ ዳኛው?»

እጁ ከመቀርቀሪያው ላይ ሳይወርድ ቀረ። ወንበሯን አየ፤ እኔን አየ፤ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ ይመስል መንገዱን አየ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«አያትህ ናት አይደል?»

«እኔ ነኝ የመጣሁት። ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እስከ መቼ ነው የምትመጣው?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። እንዳልቀርበት የፈራ መሰለኝ። «ትልቅ ሰው እስክሆን ድረስ!» አልኩት። «አባባስ ሁልጊዜ ይመጡ አልነበር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከኒሙ ሥር ነበርኩ፤ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ። ዝም ማለት እንዳይሰለቸው አባባን እመስልለት ነበር። ሰው ሲገባ ዓይኔን እጨፍንና «ሰኔ ዘጠኝ። ባለ ቀይ ሸሚዙ ሰውዬ። አንድ ጀሪካን ማር» እላለሁ። ሰውዬው ከነማሩ ይወጣል። ዳኛው ብስኩት ገዝቶ «ይዘህ ቤትህ ግባ» አለኝ። አመስግኜ እዚያው በላሁት። ሌላ ቀን አስተማሪዬን ጠርቶ ልጁ ከትምህርቱ እየሰነፈ ነው ብሎ ከሰሰኝ። አስተማሪዬ ደብተሬን አገላብጦ «አንደኛ ነው የወጣው፣ ጋሼ ዳኛው» አለው። ለትምህርቴ እንኳ የሚያስብልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ኮራሁ።

ፉል ቤት ገብተን አጠገቡ ስቀመጥ ዑበይዳ ጭልፋውን ይዞ ቆመ።

«ያ ሰላም! ጥላው ሞተ ስንል ጥላው ወለደ!»

የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ሲሥቅ እኔም ሣቅሁ። ዳኛው ሳህኑን ወደኔ ገፋው።

ኅዳር ገባ። ከደጋ ለአጨዳ የወረዱት ሠራተኞች ማጭዳቸውን በትከሻቸው አንግተው ከተማውን ሞሉት። አንድ ጠዋት መስኮቱ ተከፈተና ዳኛው ስሜን ጠራ፤ አንዱአምላክ ብሎ በሙሉ ስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። ስገባ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው የታችኛውን መሳቢያ በቁልፍ ከፈተ። በሲባጎ የታሰረ ቢጫ ፋይል አወጣ። መሳቢያው ከመስኮቱ ሥር ነው። አባባ ያን አምስት ዓመት ሁሉ የተቀመጡት ከፋይላቸው ሦስት ክንድ ርቀው ነበር።

«ለአያትህ ስጣት» አለኝ። «ወንበሩንም ውሰድ። ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ።»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ በአንድ እጄ ወንበሬን፣ በሌላው ፋይሉን ይዤ እያለቀስኩ እስከ መጋዘኑ ሄድኩ። የአባባን ጓደኛ አስቀይሜው ነበርና።

እማማ ሲባጎውን ፈቱት። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አባባ ጎፈሬ አበጥረው፣ ከአንድ ቀይ ትራክተር ፊት ቆመው የተነሡት ፎቶ ተሰክቶ ነበር። እማማ እልል አላሉም። ከሰሊጡ ክምር ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

«ምን አልከው?»

«ምንም። እንደምን አደሩ ብቻ።»

እንደዚያ ቀን ሲሥቁ አይቻቸው አላውቅም። እንባቸው በአቧራው ላይ ሁለት መንገድ እስኪያወጣ ሣቁ።

ፋይሉ ከየት እንደተገኘ በመሥሪያ ቤቱ ሲጠየቁም አልደበቁም፤ መሳቢያውን፣ ቁልፉን፣ የቁልፉን ባለቤት አንድ በአንድ ተናገሩ። ዳኛው ከኃላፊነት ተነሥቶ የአነስተኛ ደረጃ ሥራ ተሰጠው፤ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ቆየ። ለእማማ የሚስት ጡረታ ተፈቀደ። አባባ በሕይወታቸው ሊያገኙት የሚገባው ግን «ወደኋላ አይታሰብም» ተባለ። በወር የምትመጣዋ ብር ብዙ አልነበረችም፤ ቢሆንም እማማ ከመጋዘን ወጡ፤ የግፊት ክኒናቸውንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ሙሉውን ዋጡ።

እኔ ተምሬ፣ ሌላ ወረዳ ሠርቼ፣ ባለፈው መስከረም ወደ ገንዳ ውሃ ተዛውሬ መጣሁ። የደረሰኝ መሥሪያ ቤት ያው ነው። ኒሙም አለ። በመጀመሪያው ሳምንት የሠራሁት ነገር አንድ ነው፤ የዳኛውን ፋይል አወጣሁ። ስድሳ ምናምን ገጽ ነው፣ አንድ በአንድ አነበብኩት። የጎደለ ካለ ላስተካክልለት በእውነት ዝግጁ ነበርኩ። ምንም የጎደለ የለም። የሚገባውን ጡረታ እስከ ሳንቲሙ ያገኛል። ከዚያች ጡረታ ሌላ ግን ምንም የለውም፤ ቤት አልሠራም፣ መሬት አልያዘም፤ በዑበይዳ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል።

በነጋታው ምሳ ሰዓት ዑበይዳ ዘንድ ገባሁ። ዑበይዳ ሸብቷል፤ ምላሱ ግን አልሸበተም። ዳኛው ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ከዘራው ከግድግዳው ተደግፋለች። አላየኝም። ከኪሱ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ከውስጡ አንዲት ነጭ ክኒን አንሥቶ በፊት ጥርሱ ለሁለት ገመሳት። ግማሿን ዋጠ። ግማሿን መልሶ ጠቀለለ።

ፉሌን ሳልጨርስ ወጣሁ። ያን ቀን ከሰዓት ብዙ አሰብኩ። ሽማግሌ ነው፣ በሽተኛ ነው፣ አባባን በክንዱ ታቅፎ ሮጧል። ይህን ሁሉ በአንድ ወገን አስቀመጥኩ። በሌላው ወገን ከአባባ ኪስ የተገኘችውን ግማሽ ክኒን አስቀመጥኩ።

ጠዋት ወንበሯን አነሣሁ። ዝጋለች፤ እንደ ድሮው ግን አልከበደችኝም። ከክፍሉ በራፍ ተከልኳት፣ ጆንያ አነጠፍኩባትና ተቀመጥኩ። በሩ ተከፈተ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ ዳኛው?»

ከኔ በፊት ያወቀው ወንበሯን ነው። ከዘራውን ጨብጦ ከደፉ ላይ ቆመ።

«ያ ልጅ ነህ?»

«ነኝ።»

«ፋይሉን አንድ ወር ልደብቀው ብዬ ነበር» አለ፣ ሳልጠይቀው። ሃያ ዓመት አፉ ላይ ያደረ ነገር ይመስል ነበር። «ላስተምረው ብዬ፣ አንድ ወር ብቻ። ከዚያ ባወጣው ሌባ ልባል ሆነ። ቀኑ ሄደ። አያትህም መጥቶ ተቀመጠ። እሱ እያየኝ እንዴት ላውጣው?»

አመንኩት። እውነቱን ነበር የተናገረው፤ አሁንም እንደዚያ አምናለሁ።

«ግን እኮ ሰጠኋችሁ» አለ። «በእጅህ አይደል የሰጠሁህ? ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?»

«የሰጡት ለእማማ ነው፣ ጋሼ ዳኛው» አልኩት። «ለአባባ ገና ነው።»

ከደፉ ወርዶ ወደ ዋናው መንገድ አመራ። እኔም ተነሥቼ ወንበሬን ያዝኩና ከጎኑ ገባሁ። ዑበይዳ ከፉል ቤቱ በራፍ ሆኖ አየን፤ እንደ ድሮው የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ጭልፋውን ይዞ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ዳኛው እንደ ድሮው ሊፈጥን ሞከረ። አሥር እርምጃ ሄዶ ትንፋሹ አጠረውና ዘግየት አለ።

እኔም ዘግየት አልኩ።